የወታደሮች ክንድ የቀደደው የባሕር ዳር መንገድ

(በራዲዮ ከተነገረው ንግግር)



ሰው በጦርነት ለወደቁት ወገኖቹ መታሰቢያ ለማቆም በፈለገ ጊዜ ልማዱ ድንጋይ ማስጠረብ ነው። ሐውልቱን በአደባባይ ያቆማል፤ የሙታኑን ስም ይቀርጽበታል፤ በዓመት አንድ ቀንም ተሰብስቦ የአበባ ጉንጉን ያኖርበታል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ዛሬ ልናወሳው ያሰብነው መታሰቢያ ግን ከዚህ ልማድ የወጣ ነው። ይህ መታሰቢያ የቆመ ሳይሆን የተዘረጋ ነው፤ በፊቱ ቆመው የሚያዩት ሳይሆን በላዩ የሚሄዱበት ነው። ርዝመቱ 243 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ ከአዲስ አበባ እስከ ሻሸመኔ ካለው ርቀት ጋር ለመተካከል ጥቂት ይቀረዋል። በአንድ ወገኑ ወሰን የሌለው ባሕር ይታያል፤ በሌላው ወገኑ ተራራና ጥቅጥቅ ያለ ደን ይጫነዋል። የአገሩ ሰዎች «ግሬት ኦሽን ሮድ» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ የታላቁ ውቅያኖስ መንገድ ማለት ነው።

መንገዱ የሚገኘው በአውስትራልያ ደቡብ፥ ቪክቶርያ በተባለው ግዛት ውስጥ ነው። የግዛቲቱ ዋና ከተማ ሜልቦርን ናት። ይህች ከተማ ለኢትዮጵያውያን ጆሮ እንግዳ አይደለችም፤ አገራችን በኦሊምፒክ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1956 ዓ.ም. በዚሁ በሜልቦርን ነውና። ዛሬም ብዙ ኢትዮጵያውያን ትዳራቸውንና ሥራቸውን በዚያ መሥርተው ይኖራሉ። በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

መኪና ያለውና የሚቸኩል ሰው ይህን መንገድ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። እንዲህ ያደረገ ሰው ግን የባሕሩን ሰማያዊነት ከማየት በቀር ሌላ ነገር አላየም ማለት ይቻላል። እኛ ዛሬ በሐሳብ የምንጓዘው በዝግታ ነው። መኪናችንን በየመንደሩ እናቆማለን፤ ከመኪናችንም እየወረድን ይህን ዓለት ማን ፈለጠው፥ ይህን ድልድይ ማን ሠራው፥ ለምንስ ሠራው ብለን እንጠይቃለን።

ከመነሣታችን በፊት ግን ወደ ኋላ መለስ ብለን የመንገዱን ምክንያት ማስታወስ ያስፈልገናል። በ1914 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የአውስትራልያ ሕዝብ ቁጥር ከአምስት ሚሊዮን የማይሞላ ነበረ። ከዚህ ትንሽ ሕዝብ ውስጥ ከ400,000 የሚበልጡ ወንዶች ለውትድርና ተመዘገቡ። በጋሊፖሊ ገደል፥ በፈረንሳይና በቤልጅግ ጭቃ፥ በፍልስጥኤም በረሃ ተዋጉ። ከ60,000 የሚበልጡትም አልተመለሱም። በዚያ ዘመን ከአውሮፓ ሬሳ ወደ አውስትራልያ አይመጣም ነበርና፥ ወላጆች ልጃቸውን የሚያለቅሱበት መቃብር እንኳ በአገራቸው አልነበራቸውም። ከጦርነቱ የተመለሱትም ቢሆኑ ችግራቸው ቀላል አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ጠመንጃ የያዘ እጅ ወደ ምን ሥራ ይመለስ? ይህ ጥያቄ የመንግሥቱም የቤተሰቡም ጥያቄ ሆነ።

በሌላ ወገን ደግሞ የቪክቶርያ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ከቀረው ዓለም ተለይቶ የሚኖር አገር ነበረ። ሎርን፥ አፖሎ ቤይና እነርሱን የመሰሉ ትንንሽ መንደሮች በኋላቸው የኦትዌይ ተራሮች፥ በፊታቸው ባሕር ስላለ፥ ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ስፍራ የሚሄዱት ወይ በመርከብ ወይም በደን ውስጥ በሚያልፍ ሸካራ የጋሪ መንገድ ነበረ። በ1917 ዓ.ም. የገጠር መንገዶች ቦርድ ሊቀ መንበር የነበሩት ዊልያም ካልደር እነዚህን ሁለት ችግሮች አንድ ላይ አዩአቸው። ከጦርነት ለሚመለሱት ወታደሮች በምዕራቡ ክፍል የመንገድ ሥራ እንዲሰጣቸው፥ ለዚህም ገንዘብ እንዲፈቀድ ለመንግሥት ሐሳብ አቀረቡ።

ሐሳቡን ከወረቀት አውጥተው ወደ ምድር ያወረዱት ግን ሃዋርድ ሂችኮክ የተባሉ ሰው ናቸው። ሂችኮክ ነጋዴ ሲሆኑ በዚያን ጊዜ የጂሎንግ ከተማ ከንቲባ ነበሩ። በ1918 ዓ.ም. የታላቁ ውቅያኖስ መንገድ ማኅበር በእርሳቸው መሪነት ተቋቋመ። የማኅበሩ ዓላማ ሁለት ነበረ፤ አንደኛው ለተመላሾቹ ወታደሮች ሥራ መስጠት፥ ሁለተኛው መንገዱ በሞቱት ጓደኞቻቸው ስም ቋሚ መታሰቢያ እንዲሆን ማድረግ ነው። ገንዘቡ ከሕዝብ በመዋጮ ይሰበሰብ ጀመር፤ ሂችኮክም ከራሳቸው ኪስ 3,000 ፓውንድ አወጡ። በዚያ ዘመን ይህ ገንዘብ እጅግ ብዙ ነበረ።

እንግዲህ ጉዞአችንን እንጀምር። የመንገዱ ራስ ቶርኪ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከእርስዋ ጥቂት ራቅ ብሎ ቤልስ ቢች የተባለው ዳርቻ ይገኛል፤ ወጣቶች በሰሌዳ ላይ ቆመው በሞገድ ጀርባ የሚጋልቡበት ስፍራ ነው። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮም የሞገድ ግልቢያ ውድድር ሲደረግበት ኖሯል። መንገዳችንን ስንቀጥል ኤሪስ ኢንሌት ከተባለችው መንደር በላይ በ1891 ዓ.ም. የተሠራ ነጭ የመብራት ግንብ እናያለን፤ መርከቦች በሌሊት ከዓለቱ እንዳይጋጩ የሚያስጠነቅቅ ነው። ከዚያም ኢስተርን ቪው ስንደርስ መንገዱን ከወዲህና ከወዲያ የሚያያይዝ ከእንጨት የተሠራ ቅስት ከላያችን ይመጣል። ይህ የተመላሾቹ ወታደሮች መታሰቢያ ቅስት ነው። በአጠገቡም የሥራ መሣሪያቸውን የያዙ ሁለት ሠራተኞች ምስል ቆሟል። መኪናችንን አቁመን እንውረድ፤ የወታደሮቹን ሥራ ለማስተዋል ከዚህ የተሻለ ስፍራ የለምና።

ቀያሾች በ1918 ዓ.ም. ወደ ደኑ ሲገቡ የጠበቃቸው ምድር እንኳን ለመኪና ለእግረኛም የማይመች ነበረ። ተራራው በቀጥታ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ቁጥቋጦው ሰው አያሳልፍም። ሥራው በተቃና ጊዜ እንኳ በወር የሚቀይሱት ከሦስት ኪሎ ሜትር ያህል አይበልጥም ነበረ። በመስከረም 19 ቀን 1919 ዓ.ም. የቪክቶርያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሪ ላውሰን በሎርን አጠገብ የመጀመሪያውን ፈንጂ አስተኰሱ፤ ሥራውም ተጀመረ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ፍጻሜው ድረስ ወደ 3,000 የሚሆኑ ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ሠሩበት።

መሣሪያቸው ምን ነበረ ብትሉ፥ ዶማና አካፋ፥ የእጅ ጋሪና ፈንጂ ነው። እንደ ዛሬው ተራራ የሚገፋ ትራክተር አልነበራቸውም። ሰዎቹ በገደሉ አፍ ላይ ቆመው ዓለቱን ይበሱታል፤ በቀዳዳው ፈንጂ ይጨምሩበታል፤ ከፈነዳም በኋላ ፍርስራሹን በአካፋ ይጠርጉታል። በዚሁ አሠራር በቀን ስምንት ሰዓት፥ በቅዳሜም ግማሽ ቀን ይሠሩ ነበር። ደመወዛቸው በቀን አሥር ሺሊንግ ከስድስት ፔኒ ሲሆን፥ ከዚህ ላይ ለምግባቸው በሳምንት እስከ አሥር ሺሊንግ ይከፍሉ ነበር። ሠራተኞች የሞቱበት ጊዜም አለ። እንደሚነገረው፥ ፈንጂ የሚያቀጣጥሉትን ትንንሽ እርሳሶች በመኪና ሲያጓጉዙ፥ መንገዱ ስለሚያንገጫግጭ፥ አንዳንዶቹ ወታደሮች በጉልበታቸው ላይ አቅፈዋቸው ይቀመጡ ነበር። ከሰው ጉልበት የሚለሰልስ መቀመጫ ስላልተገኘ ነው። እነዚህ ሰዎች የመድፍ ጥይት ድምፅ ከጆሮአቸው ገና ያልጠፋ መሆኑን ስናስብ፥ በየቀኑ የሚሰሙት ፍንዳታ ምን ያህል ያለፈውን እንደሚያስታውሳቸው መገመት እንችላለን።

ይሁን እንጂ ኑሯቸው ሁሉ መከራ ብቻ አልነበረም። በየሰፈራቸው ድንኳን ተተክሎላቸው፥ የጋራ የምግብ አዳራሽና ወጥ ቤት ነበራቸው፤ ለማታ መዝናኛም ፒያኖ፥ ግራሞፎን፥ ጋዜጣና መጽሔት ይቀርብላቸው ነበር። ነዋሪው እስከ ዛሬ እየሳቀ የሚያወራው አንድ ነገርም አለ። በ1924 ዓ.ም. «ካዚኖ» የተባለች የእንፋሎት መርከብ በኬፕ ፓተን አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጨች። መርከቢቱ እንድትቀል 500 በርሜል ቢራና 120 ሣጥን ጠንካራ መጠጥ ወደ ባሕር ተጣለ። ሞገዱም በርሜሎቹን ወደ ዳር፥ የመንገዱ ሠራተኞች ወደ ሰፈሩበት ወሰዳቸው። ከዚህ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በዚያ ስፍራ ዶማ ያነሣ ሰው አልነበረም ይባላል። አለቆቹ ምን እንዳሉ ባንሰማም፥ ከጋሊፖሊ የተመለሰ ሰው ይህን ያህል ዕረፍት አይገባውም የሚል ዳኛ የሚገኝ አይመስለንም።

ከቅስቱ አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን ሎርን እንደርሳለን። ሎርን በወሽመጥ ዳር የተቀመጠች ውብ ከተማ ናት። ከኢስተርን ቪው እስከ ሎርን ያለው ክፍል መጋቢት 18 ቀን 1922 ዓ.ም. በታላቅ ደስታ ተመረቀ። ነገር ግን ሥራው ገና ስላልተጠናቀቀ በግንቦት ወር ተዘጋና በታኅሣሥ እንደ ገና ተከፈተ። በዚህ ጊዜ ግን በመግቢያው ላይ ኬላ ቆመ። ለግንባታው የወጣውን ገንዘብ ለመመለስ ሲባል አንድ አውቶሞቢል ሁለት ሺሊንግ፥ ከሁለት ፈረስ በላይ የሚጎትቱት ሠረገላ ደግሞ አሥር ሺሊንግ ይከፍል ነበር። መንገዱም በመጀመሪያ ጊዜ ጠባብ ስለ ነበረ የሚመቸው ለአንድ መኪና ብቻ ነው። ሁለት መኪና ፊት ለፊት በተገናኘ ጊዜ አንደኛው የኋሊት እየሄደ መተላለፊያ መፈለግ ነበረበት፤ ከበታቹ ባሕር እንዳለ እያየ የኋሊት የሚነዳ ሰው ልቡ እንዴት እንደሚመታ የዓባይን በረሃ የወረደ አሽከርካሪ ያውቀዋል።

ከሎርን ወደ አፖሎ ቤይ የሚወስደው ክፍል ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪው ነበረ። ማውንት ዲፋያንስ የተባለው ተራራ ከባሕር ተነሥቶ እንደ ግድግዳ የቆመ ስለ ሆነ፥ መንገዱ በወገቡ ላይ እንደ መቀነት ተጠምጥሞበታል። ዛሬ ተጓዡ በዚያ ቆሞ ነፋሱን ሲቀበል፥ በታች ሞገዱ ዓለቱን ሲመታ ሲሰማ፥ ሥራው አሥራ ሦስት ዓመት መፍጀቱ አያስደንቀውም። በዚሁ ስፍራ ለሂችኮክ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል፤ ምክንያቱንም እንነግራችኋለን።

ሂችኮክ ከ1918 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብ ሲለምኑ፥ ባለሥልጣኖችን ሲያስረዱ፥ ሥራው በገንዘብ እጦት በተሰናከለ ቁጥር እንደ ገና ሲያስነሡ አሥራ አራት ዓመት ያህል ደከሙ። «ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ግን በእርሳቸው ላይ ደረሰ። መንገዱ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው፥ በነሐሴ ወር 1932 ዓ.ም. በልብ ሕመም ሞቱ። ኅዳር 26 ቀን በዚያው ዓመት ምክትል ገዥው ሰር ዊልያም አርቪን መንገዱን በሎርን ሲመርቁ፥ የመኪናው ሰልፍ ሲጓዝ ከገዥው መኪና ቀጥሎ የሂችኮክ መኪና እንዲከተል ተደረገ። ሕዝቡ ባለቤቱ የሌለበትን መኪና ሲያልፍ ባየ ጊዜ ነገሩ ምን ያህል እንደ ነካው ለመናገር አያስፈልግም። በ1936 ዓ.ም. ማኅበሩ መንገዱን ለመንግሥት አስረከበ፤ ኬላውም ተነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለጠጋም ሆነ ድኻ ያለ ክፍያ የሚሄድበት ሆነ።

አፖሎ ቤይ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። የወታደሮቹ ከባድ ሥራ ያለበት ክፍል እዚህ ያበቃል። መንገዱ ግን ከባሕሩ ጥቂት ፈቀቅ ይልና ወደ ኦትዌይ ደን ይገባል። እዚህ ስንደርስ ኢትዮጵያዊ ተጓዥ የቆየ ወዳጁን ያገኛል፤ ይኸውም ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ረኃብ ያዳናት ነጩ ባሕር ዛፍ፥ የትውልድ አገሩ ይኸው የቪክቶርያ ደቡብና በስተ ማዶው ያለችው ታዝማንያ ደሴት ነው። አባቶቻችን ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ብለው የሰየሙት በከንቱ አይደለም። በቅርንጫፉም ላይ ኮአላ የተባለው፥ ፀጉራም፥ ቅጠሉን ብቻ እየበላ የሚኖር እንስሳ ተኝቶ ይታያል። ከዚያም ራቅ ብሎ ከባሕር ዛፍ ወገን የሆኑ፥ አበባ ከሚያወጡ ዛፎች ሁሉ በቁመት የሚበልጡ ግዙፍ ዛፎች ይገኛሉ።

በዚህ ደን ውስጥ ሳለን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ታሪካችን ጎደሎ ይሆናል። ይህ ምድር ወታደሮቹ ዶማቸውን ከማንሣታቸው በፊት ባለቤት የሌለው ምድር አልነበረም። ጋዱባኑድ የተባሉት ሰዎች በኬፕ ኦትዌይ ዙሪያ፥ ዋዳውሩንግ የተባሉት ደግሞ በምሥራቁ በኩል በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ኖረዋል። በልተው የጣሉት የዛጎል ክምር እስከ ዛሬ በዳርቻው ላይ ይገኛል። ከ1830ዎቹ ዓመታት ጀምሮ አውሮፓውያን ሰፋሪዎች በመጡ ጊዜ በበሽታ፥ በመሬት ነጠቃና በግድያ ቁጥራቸው እጅግ ተመናመነ። የታላቁ ውቅያኖስ መንገድ የሞቱትን ለማስታወስ ሲሠራ፥ መታሰቢያው የተሠራው ለእነርሱ አልነበረም። በ2020 ዓ.ም. የቪክቶርያ ምክር ቤት መንገዱንና አካባቢውን አንድ ሕያው የተፈጥሮ አካል አድርጎ የሚጠብቅ ሕግ ሲያወጣ፥ የጥንቶቹ ባለርስቶች ልጆች በጥበቃው ድርሻ እንዳላቸው ተቀበለ። ፍርዱ ዘግይቶ መጣ፤ ቢሆንም መጣ።

ከደኑ ወጥተን ወደ ኬፕ ኦትዌይ ስንወርድ የመብራት ግንቡን እናያለን። በመርከብ ሸራ ዘመን ከአውሮፓ ወደ ሜልቦርን የሚመጣ መርከብ ወራት ሙሉ መሬት ሳያይ ተጉዞ፥ በመጨረሻ በዚህ ጫፍና በኪንግ ደሴት መካከል ባለው በር መግባት ነበረበት። በሩ ወደ 90 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ቢሆንም፥ በጭጋግና በማዕበል ውስጥ ስፍራውን ሳያውቅ ለሚመጣ መርከበኛ ጠባብ ነው፤ ስለዚህም መርከበኞች በመርፌ ቀዳዳ ክር እንደ ማስገባት ይቈጥሩት ነበር። በ1845 ዓ.ም. «ካታራኪ» የተባለች ስደተኞችን የጫነች መርከብ በኪንግ ደሴት ላይ ተሰብራ 400 ያህል ሰዎች ሲሞቱ የዳኑት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ከዚህ ጥፋት በኋላ የመብራቱ ነገር የማይታለፍ ሆነ፤ ግንቡም በ1848 ዓ.ም. በራ። እስከ 1994 ዓ.ም. ድረስም አገልግሎቱ አልተቋረጠም።

መብራቱ ግን ሁሉን አላዳነም። ኬፕ ኦትዌይን ወደ ምዕራብ አልፈን ወደ ፖርት ካምቤል ስንቃረብ፥ መንገዱ እንደ ገና ከባሕሩ ጋር ይገናኛል። እዚህ ዳርቻው ደን ሳይሆን በቢላዋ የተቈረጠ የሚመስል ቢጫ የኖራ ድንጋይ ገደል ነው። ሰኔ 1 ቀን 1878 ዓ.ም. ከንጋት በፊት «ሎክ አርድ» የተባለች መርከብ ከእንግሊዝ ሦስት ወር ተጉዛ፥ ከሜልቦርን የጥቂት ቀን መንገድ እንኳ ሳይቀራት፥ በጭጋግ ምክንያት ከዚህ ዓለት ጋር ተጋጨች። በውስጧ 54 ሰዎች ነበሩ። የዳኑት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቶም ፒርስ የተባለ ሙያ ለማጅ ወጣት መርከበኛ፥ አንዷ ኢቫ ካርማይክል የተባለች ወጣት አይርላንዳዊት። ቶም ሞገዱ በገደል ወደ ተከበበች ጠባብ ወሽመጥ ከጣለው በኋላ የሴት ጩኸት ሰማ። እንደ ገና ወደ ባሕሩ ተመልሶ ዋኘና ልጅቱን አወጣት። በዋሻ ውስጥ ካስጠለላትም በኋላ ያን ገደል ቧጦ ወጥቶ ከአንድ የከብት እርባታ ሰዎችን ጠርቶ አመጣ። ኢቫ ወላጆቿን፥ ወንድሞቿንና እኅቶቿን በአንድ ሌሊት አጣች።

በሜልቦርን የሚታተሙ ጋዜጦችና ሕዝቡ ሁለቱ ወጣቶች ይጋባሉ ብለው እጅግ ተመኙ። እነርሱ ግን አልተጋቡም። ኢቫ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ቶምም ወደ ባሕር ሥራው ሄደ። የሰው ሐዘን ለተመልካች ደስታ ሲባል እንደ ተረት ሊፈጸም አይገባውምና፥ ያደረጉት ትክክል ይመስለናል። ከመርከቢቱ ጭነት ውስጥ በእንግሊዝ አገር በሚንተን ፋብሪካ ከሸክላ የተሠራ፥ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠጋ የጣዎስ ምስል በሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ወደ ዳር ወጣ። ሃምሳ ሁለት ነፍስ ያጠፋው ባሕር ያን ተሰባሪ ሸክላ ግን አልሰበረውም። ምስሉ በዋርናምቡል ከተማ በሚገኘው የባሕር ታሪክ ቤተ መዘክር ለሕዝብ ይታያል።

ከሎክ አርድ ወሽመጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ መንገደኛው ሁሉ የሚናፍቀው ትርኢት አለ። በባሕሩ ውስጥ ለብቻቸው የቆሙ፥ ቁመታቸው እስከ 45 ሜትር የሚደርስ የድንጋይ ዓምዶች ናቸው። ጥንት እናት አሳማና ግልገሎቿ ይባሉ ነበር፤ በኋላ ግን ጎብኚ ለመሳብ የሚበልጥ ስም ተፈልጎላቸው ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ተባሉ። ለአገራችን ሰው ግን ቈጥሮ ማረጋገጥ ልማዱ ነውና፥ ቢቈጥራቸው ዐሥራ ሁለት ሆነው አያገኛቸውም። ስሙ ሲወጣላቸው እንኳ ዘጠኝ ነበሩ ይባላል። ሐምሌ 3 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ፥ 50 ሜትር ያህል ቁመት የነበረው፥ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ተንዶ የድንጋይ ክምር ሆነ፤ ስምንት ቀሩ።

ይህ የሆነው እንዲህ ነው። ገደሉ ከአሥር ሚሊዮን ዓመት በላይ በባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ የዛጎልና የአፅም ደለል ስለ ሆነ ለስላሳ ነው። ሞገዱ እግሩን ሲመታው ዋሻ ይሆናል፤ ዋሻው ሁለቱን ወገን በበሳ ጊዜ ድልድይ ይሆናል፤ የድልድዩ ጣሪያ ሲወድቅም ዓምድ ብቻውን ይቀራል፤ ዓምዱም በተራው ይወድቃል። በጥር 15 ቀን 1990 ዓ.ም. የለንደን ድልድይ የተባለው ዓለት መካከሉ ሲናድ ሁለት ጎብኚዎች ከወዲያ ማዶ ተቈርጠው ቀሩና በሄሊኮፕተር ወጡ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በሎክ አርድ ወሽመጥ አጠገብ የነበረ አንድ የድንጋይ ቅስት ወደቀ። ከቅስቱ የቀሩት ሁለት ዓምዶች ተለያይተው ቆመዋል፤ የአገሩም ሰዎች አንዱን ቶም፥ ሁለተኛውን ኢቫ ብለው ሰየሟቸው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ በፒተርቦሮ በኩል ደሴቶች የተበተኑበትን ወሽመጥ እያሳየ ወደ አላንስፎርድ ይደርስና ያበቃል። ጉዞአችንም ያበቃል። ነገር ግን መኪናችንን ከማቆማችን በፊት ያየነውን ነገር መመዘን ይገባናል።

እግዚአብሔር የሠራው ዓምድ ይህን ያህል ዘመን ቆሞ የሚወድቅ ከሆነ፥ ሰው የሠራው መንገድ እንዴት ይቆማል? መልሱ በራሱ እንደማይቆም ነው። የካቲት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. በቪክቶርያና በደቡብ አውስትራልያ በተነሣው የደን ቃጠሎ 75 ሰዎች ሲሞቱ፥ እሳቱ እስከዚህ ዳርቻ ደርሶ በኢስተርን ቪው ያለውን የመታሰቢያ ቅስት አቃጠለው። ነዋሪዎቹ እንደ ገና ሠሩት። በ2015 ዓ.ም. በልደት ቀን በዋይ ሪቨርና በአጠገቧ ባለችው መንደር እሳት 116 ቤቶችን በላ፤ ሰው ግን አልሞተም፤ አስቀድሞ ሰው ከመንደሩ የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ዝናብ ሲበዛ ተራራው ይናዳል፤ መንገዱ ይዘጋል፤ ሠራተኞች መጥተው ይከፍቱታል። በ2011 ዓ.ም. መንገዱ በአውስትራልያ ብሔራዊ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ድንጋይ አይጠርግም።

ሂችኮክና እነዚያ ወታደሮች መታሰቢያቸው መንገድ እንዲሆን በመምረጣቸው የተዉልን ትምህርት ይህ ይመስለናል። ሐውልት አንድ ጊዜ ከቆመ በኋላ ሊረሳ ይችላል፤ ሣር ይበቅልበታል፤ ልጆች ስሙን ሳያነቡ ያልፋሉ። መንገድ ግን በየዓመቱ ካልታደሰ ይፈርሳል፤ የሚያድሰውም ትውልድ ወዶም ሆነ ሳይወድ የመጀመሪያዎቹን ሠራተኞች ድካም በገዛ ክንዱ ይቀምሰዋል። ለሙታን ክብር የሠራው ሥራ ለሕያዋን ጥቅም ዋለ፤ የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ሄደበት፤ ዓሣ አጥማጅ ዓሣውን ወደ ገበያ አወጣበት፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ተመላለሱበት። ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛም ዓይኑን አሳረፈበት።

የሚቸኩለው ሰው ይህን ሁሉ አያይም። ፎቶግራፉን ያነሣል፤ ወደ መጣበትም ይመለሳል። በዝግታ የሚጓዝ ሰው ግን ማውንት ዲፋያንስ ላይ ቆሞ እጁን በተፈለጠው ዓለት ላይ ሲያኖር፥ የዶማ ጠባሳ ከጣቱ በታች ይሰማዋል። ያን ጠባሳ የተወው ሰው ስሙ አይታወቅም። በፈረንሳይ አገር ወንድሙን ቀብሮ፥ ወደ አገሩ ተመልሶ፥ ሐዘኑን በዶማ የተወጣ ሰው እንደ ነበረ ግን ይታወቃል። አንባቢያችን አንድ ቀን ዕድል ገጥሞት በዚያ መንገድ ቢያልፍ፥ መኪናውን ለአንድ አፍታ እንዲያቆምለት እንለምናለን።